የተካሰሱት መለኪያዎች

ጣቢታ ሆሴዕ አብራሪ ሆና መጀመሪያ ወደ ትውልድ ከተማዋ አንጋጫ የተመለሰች ጊዜ የሰፈሩ ሰው ያቀረበላት አንድ ቅሬታ ነበር። «በኛ ላይ ስታልፊ ምናለ ዝቅ ብትዪ?» የሆሳዕና ሚኒባስ ሹፌር እንኳ በዘመዱ ደጅ ሲያልፍ ጥሩንባ ይነፋል፤ እሷ ግን በደመና ውስጥ ሹልክ ብላ አርባ ምንጭ ትገባለች። ኮርታለች ተባለ። በገበያ ቅቤ የሚሸጡት እናቷ ብቻ ከፍ ብላ እንድትሄድላቸው ይጸልዩ ነበር።

ኩራትስ አታውቅም። ሆሳዕና አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው፣ አዲስ አበባ ሄዳም የአብራሪነት ትምህርቱን የተወጣችው በትጋትና በጨዋነት ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ቃል አታቋርጥም። አባቷ በሕይወት ሳሉ የድንበር ክርክር የሚዳኙ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ትልቅ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ የሚሰጥ ልጅ አልነበረም። መልካም አስተዳደግ ነው፤ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም።

ያን የነሐሴ ጠዋት እሷ ረዳት አብራሪ ስትሆን፣ በግራው የዋና አብራሪ ወንበር የተቀመጡት ካፒቴን ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እሷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለ እሳቸው አውሮፕላን ያበርሩ ነበር። ጉዞው ወደ አርባ ምንጭ ነው። ከፊታቸው የነበረውን ነጎድጓድ ሽሽት ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ሆሳዕናን ከላይ አልፈው፣ በጥቁር ደመና ውስጥ ወደ አንጋጫ አቀኑ። በረዶ መስኮቱን ይደበድበዋል።

በዚህ መካከል፣ በረዶው የአየር መቀበያ ቱቦዎቹን ደፍኖ ኖሮ፣ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፍጥነት መለኪያ መውጣት ጀመረ። በጣቢታ በኩል ያለው ደግሞ መውረድ ጀመረ። ለክፉ ቀን ተብሎ መሃል ላይ የተቀመጠው ሦስተኛው ከሁለቱም ሳይስማማ ባለበት ደርቆ ቀረ። ነገሩ ቀላል አይደለም። አውሮፕላን ከልክ በላይ ሲፈጥን ክንፉ ሊገነጠል ይችላል፤ ከልክ በታች ሲሄድ ደግሞ አየሩ አይሸከመውም፣ ይወድቃል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው።

ካፒቴኑ የራሳቸውን አመኑ። ፍጥነቱን ለመቀነስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አደረጉ፣ የሞተሩን ኃይልም ሳቡ።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ፣ የኔ እየወረደ ነው። ቢመለከቱልኝ…»

«የአንቺ ነው የተበላሸው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ግን ምናልባት ቢመለከቱት…»

ቢመለከቱት ትላለች! ከኋላ ስልሳ ሰው ተቀምጧል፤ እሷ እጅ ትነሳለች።

ከዚያ «ፈጠንክ» የሚለው ደወል ጮኸ። ወዲያው «ልትወድቅ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ መሪውን በእጃቸው ላይ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሁለቱም በአንድ ላይ። ጣቢታ አስተዳደጓን ረስታ መሪዋን ወደ ፊት ገፋች። ካፒቴኑ ወደ ኋላ ሳቡ።

«ልቀቂ!»

«አልለቅም! የኔ ነው ትክክሉ!»

«ልቀቂ አልኩሽ! ልትገድዪን ነው!»

አውሮፕላኑ ሁለቱንም አልሰማ። በአንድ ክንፉ አዘንብሎ ወረደ። ከኋላ የተነሳው ጩኸት በሩን አልፎ መጣ። የከፍታ መለኪያው ቁልቁል ይሽከረከራል። ከዚያ ደመና ሥር ያለውን እሷ ታውቀዋለች፤ አምባሪቾ ተራራ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በየማለዳው ያየችው ተራራ አሁን የት ጋ እንዳለ አይታያትም። ፈራች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰው ላይ እንደሚደርስ አታውቅም ነበር። ለእናቷ ሬሳዋን ሰብስቦ የሚወስድላቸው ማን ይሆን ብላ አሰበች።

እዚያው ላይ የሷ መለኪያ፣ ያ ነፍሷን የሰጠችለት፣ ድንገት ዘሎ ላይ ወጣ፤ ተመልሶ ወረደ፤ ደግሞ ዘለለ። እሱም ይዋሻል። ለውሸታም ጥብቅና ቆማ ከአባቷ እኩያ ጋር መሪ ስትጎትት ነበር። ሐፍረቱ እንደ ፍም አቃጠላት።

አባቷ ክርክር አልበርድ ሲላቸው የሚያደርጉት ነገር ነበር። ከሁለቱ ተካሳሾች ለእርቅ የቀረበውን ለይተው ቀድሞ የራሱን እንዲተው ይለምኑታል። አንዱ ሲተው ሌላው መተው አያሳፍረውም።

«ካፒቴን፣ የኔም ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። «የኔን ትቼዋለሁ! የርስዎንም ይተዉት! የአድማስ መለኪያውን ብቻ እንይ!»

ካፒቴኑ ዞረው አዩዋት። ፊታቸው አመድ መስሏል። ደወሉ እየጮኸ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ እጃቸው ላላ።

«አድማሱን» አሉ። «እሺ። አፍንጫውን ዝቅ እናድርግ። ኃይል ስጪው።»

አብረው ገፉ። ሞተሩ አጓራ። ያዘነበለው ክንፍ ቀስ ብሎ ተቃና። ደመናው ተቀደደና እንሰትና ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያም ገበያ ታያቸው፤ ሕዝቡ ዕቃውን ጥሎ ይሸሻል። አምባሪቾ በግራ በኩል ከነሱ በላይ ቆሟል። ሁለቱ በአንድ እጅ እንደሚሠሩ ሆነው ቀስ አድርገው ሳቡት፤ አውሮፕላኑ ከጣሪያዎቹ በላይ እየተንገዳገደ ቀና አለ።

አርባ ምንጭ ሲያርፉ ተሳፋሪው መሬት እየሳመ ወረደ። ካፒቴኑ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ጣቢታ ከአየር ማረፊያው ሕንጻ ጀርባ ሄዳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። አንድ ቃል ሳትናገር እናቷ ቀደሙ።

«ጣቢታ! ጉዳችንን ባየሽ! አውሮፕላን ገበያው ላይ ሊከመርብን! ቅቤዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ ሰው በሰው ላይ ተረጋገጠ!»

«ተጎዳሽ እማዬ?»

«ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ያን ሹፌር ግን ረገምኩት። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ‘የወለደችህ እናት ታልቅስ’ አልኩት።»

«እማዬ… እርግማኑን አንሺው።»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

እናቷ የሚሰሙት የልጃቸውን ሳግ ብቻ ነበር። ገበያተኛው ከጀርባቸው ይንጫጫል።

«ጣቢታ? ዛሬ በየት በኩል ነው የበረርሽው?»

የጣቢታ ሳግ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«አፌን ይቁረጠው» አሉ እናቷ። «አፌን ይቁረጠው፣ ልጄን! ልጄን!» ከዚያ ገበያው መሃል ማልቀስ ጀመሩ።