ከጋሽ ተሰማ ቆጣሪ የወጣን ለታ

ሽቦው ከጣሪያችን ላይ ተቆርጦ ሲወርድ እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ የጋሽ ተሰማን መስኮት እሰልላለሁ... ቀን ሰባት ሰዓት ነው፤ በድሬ ሙቀት ሰው ሁሉ ጋደም ብሏል። ጋሽ ተሰማ ሥራ ላይ ነው። ሆን ብለን ነዋ ያን ሰዓት የመረጥነው!

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። የራሳችን ቆጣሪ ያልነበረን እኛ ብቻ ስለሆንን መብራት የምንስበው ከጋሽ ተሰማ ቤት ነው። የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው። የምንከፍለው በአምፖል ቁጥር ሲሆን ለቬንትሌተሩ ደግሞ ለብቻ ያስከፍለናል። ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር የሚያድር ጀግና ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እኔ እንግዲህ ተጠራጣሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ክፍያው ከፍ ባለ ቁጥር «የእናንተ ቬንትሌተር እኮ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲያ የምሰማት አንዲት ጉርምርም የምትል ድምፅ አለች... ፍሪጅ ደብቆ በእኛ ሂሳብ ያቀዘቅዛል ብዬ ደመደምኩ።

ይህን ለጓሮ ጎረቤታችን ለአዴ ፋጡማ ባማርርላት «አቦ ምን ያንጨረጭርሻል! ከኔ ሳቢ። በግማሽ እሰጥሻለሁ ወላሂ» አለችኝ።

ባሌን ኃይሉን ነገሩ አልጣመውም። ኃይሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ቀበሌው በግድ ጸሐፊ አድርጎት ነበር። የሚታሰር፣ የሚፈለግ ሰው ስም ሁሉ በእጁ ያልፋል።

«ለጋሼ ነግረነው እንውጣ» አለኝ።

«ምን ብለን? ትሰርቀናለህ ብለን?»

እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም አፈርን። ስለዚህ ሳንነግረው ሽቦውን አነሳን።

ጋሽ ተሰማ ከሥራ ሲመለስ ግቢው መሃል ቆሞ ጣሪያችንን ቀና ብሎ አየ። እኔ ቶሎ በሬን ዘጋሁ። በማግስቱ ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ሲል ደግሞ ኃይሉ አንገቱን ደፍቶ አለፈው። እፍረት ነው እንጂ ሌላ ምን ነበረብን?

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ተሰማ ነው። ግባ ብለው አልገባም አለ።

«ሽቦውን ያነሳችሁት... የሰማችሁት ነገር አለ እንዴ?»

የአዴ ፋጡማን ነገር ሊያወጣጣኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «ኧረ ምንም አልሰማንም» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«ጋሼ፣ በእናትህ ከሰው አታጣላኝ...»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ገባኝ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ሄደ። እኔ ሽሙጥ መስሎኝ «ደግሞ ያሾፋል!» ብዬ በሩን ጠረቀምኩት።

ሲነጋ ቤቱ ተቆልፏል። በሦስተኛው ቀን ወሬው ደረሰን... በባቡር እስከ ድንበሯ ከተማ ደወሌ ሄዶ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ተሻግሯል።

የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ዘመን ሰው ሊታሰር መሆኑን የሚያውቀው ጎረቤት ሲሸሸው ነው። ከሚፈለግ ሰው ጋር ጥላው እንኳ እንዲነካካ የሚፈልግ አልነበረም። እኛ ደግሞ፣ ያውም የቀበሌው ጸሐፊ ቤተሰብ፣ ከእሱ ጋር የሚያገናኘንን ሽቦ በቀን ቆርጠን ጣልን፤ ሰላምታም ነሳነው።

«ስሙ የሚፈለጉት ሰዎች ወረቀት ላይ ነበረ እንዴ?» አልኩት ኃይሉን።

«የጋሼ? አንድም ቀን ያነሳው ሰው የለም» አለኝ።

ስሙ የተጻፈው ከጠፋ በኋላ ነው። ቀበሌው ቤቱን ሰብሮ ሲገባ እኔም በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ፍሪጅ የለም። አልጋው ራስጌ የተከለከለ የውጭ አገር ወሬ የሚሰማባት አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ብቻ ነበረች። ለካ ጉርምርም ትል የነበረችው እሷ ናት፤ ሲፈራ የኖረውም በእሷ ምክንያት ነው። ያን ቀን ማልቀስ አማረኝ፤ ለማልቀስም ፈራሁ።

ይህ ሳያንስ በእሑዱ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ተነስቶ «ጓድ ኃይሉ ከፀረ ሕዝቡ ግለሰብ ጋር የነበረውን የመብራት ግንኙነት አስቀድሞ በመበጠስ ላሳየው ንቃት...» ብሎ አስጨበጨበለት። ኃይሉ ላቡን እየጠረገ ቁጭ አለ። ቤት ገብቶም እራቱን አልበላም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ከጅቡቲ ጨርቅ የምታመላልስ አንዲት ሶማሌ ነጋዴ በሬን አንኳኳች። ከያዘችው ጓዝ መሃል አዲስ ሽቲ ቀሚስ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ተሰማ ነው የላከልሽ። ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል ምስኪን። ‹ሁሉም ዝም ሲል ነፍሴን ያተረፈችልኝ እሷ ናት› ይላል። ጠዋት ማታ ይመርቅሻል ወላሂ።»

ማንም አልፈለገህም ነበር ልበለው? በወር አንድ ኪሎ ስኳር ለማትገዛ ብር ብዬ ነው ልበለው? አሁን እውነቱን ቢሰማም መመለስ አይችል...

«ምን ልበለው?» አለች ሴትዮዋ፣ ልትሄድ ጓዟን እያነሳች።

«አሜን ብላለች በይው።»

በእርግማን የሚያስፈራ ኃጢአት ብዙ ሰምቻለሁ፤ በምርቃት የሚያቃጥል ግን የኔን ብቻ ነው ያየሁት።