ለአማቴ የፈጨሁት የአቮካዶ ቢስባስ

የሚያቃጥል የአቮካዶ ማባያ በመሥራት ድሬ ላይ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ሆነ ከደቻቱ ማዶ የሚደርስብኝ የለም። የሆቴል ወጥ ቤቶች ሙያዬን ቢያዩ ሽርጣቸውን ፈትተው እግሬ ሥር በጣሉ ነበር። ይህን የምለው በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ሠርቼ ነው፤ ያንንም አንድ ቀን ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ እየመራችኝ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው። ባለፈው ዓቢይ ጾም ባለቤቴ እናቷን ከደጋ አመጣቻቸው። እዚያ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ውሃ እንኳ የሚቀዳላቸው ሰው የለም። ሐሳባችን ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ነበር። እሳቸው ግን መብላት እምቢ አሉ።

ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ስለምትሠራ ማልዳ በሰርቪስ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትመለሰው። የእኔ ቢሮ ከዚራ ሰፈር ነው፤ በሙቀቱ ምክንያት ቀትር ላይ ረዘም ያለ እረፍት አለን። ስለዚህ አማቴ ጾማቸውን የሚፈቱበት ሰዓት ሲደርስ፣ ወደ ሥራ ከመመለሴ በፊት፣ ማዕድ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አንድ ሁለቴ ይቆርሱና፣ ጠገብሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሉኛል። ማታም ያው ነው። ከቀን ወደ ቀን እየቀለሉ ሄዱ፤ የጣሪያውን ማራገቢያ ስከፍት ይዟቸው እንዳይሄድ እሰጋ ነበር።

በመጨረሻ ወደ አገሬ መልሱኝ አሉ። ባለቤቴ ማጀት ገብታ አለቀሰች። እዚያ ብመልሳቸው ማን አለላቸው፣ እዚህ ባቆያቸው በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው፣ አለችኝ። ለፋሲካ ካልተሻላቸው እንደምትመልሳቸው ወሰነች።

እኔ ጥፋቱን ሁሉ በድሬ ሙቀት ላይ ጫንኩት። ጎረቤታችንም ተስማማች። እሷ በሶማሊኛ ጀምራ በኦሮምኛ አዙራ በአማርኛ የምትጨርስ ሴት ናት፤ ከዚያ ሁሉ የገባኝ ይህ ነው፦ ለተዘጋ ሆድ ቢስባስ፣ ያ እኛ ሳምቡሳ የምናጠቅስበት የአረንጓዴ ቃሪያ ማባያ፣ መድኃኒት ነው። በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ በአቮካዶ ይለስልሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ከፊራ ገበያ ሄድኩ። ሻጯ እንደ ልማዷ ለዛሬ ነው ለነገ ብላ ጠየቀችኝ። ለአሁን አልኳት፣ ኮስተር ብዬ። እኔ አቮካዶ የምመርጠው ሐኪም ሕፃን እንደሚመረምር ነው፤ ጫን ጫን አድርጌ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ። ሻጯ መልስ ይሰጥሃል እንዴ አለችኝ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም። የጁስ መፍጫውን ትቼ ሙቀጫ አወጣሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ተደግፋ ታዘኛለች፦ ቃሪያውን ከነፍሬው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ጨው። አደቀቅሁ። ከዚያ አቮካዶውን፣ ከዚያ ሎሚውን። በመጨረሻ አንድ ኩባያ እርጎ ጨምርበት አለችኝ። ጾም መሆኑን ሳስታውሳት፣ አዎ ለካ፣ ተወው እንግዲህ ብላ የሚጮኽ ድስቷን ልታወርድ ገባች። እኔም ተውኩት። ሳልቀምስ በማሽተት ብቻ መዘንኩና በቃ፣ ተዋጥቷል አልኩ።

አማቴ ፊት እንጀራውንና ማባያውን አቀረብኩ። እኛ የድሬ ልጆች ይህን እንደ ውሃ ነው የምንጠጣው ብዬም ጎረርኩ። እሳቸው እንጀራውን ቆርሰው ከማባያው በትልቁ ዛቅ አደረጉ፤ ልቤ በደስታ ሞላ። ከዚያ እጃቸው ወደ እኔ ዞረ።

"መጀመሪያ ለባለሙያው። እንኩ፣ ይብሉልኝ" አሉ።

ሰው ደመወዙን እምቢ ሊል ይችላል፤ የአማቱን ጉርሻ ግን እምቢ አይልም። አፌን ከፈትኩ። ጉርሻው የሕፃን ራስ ያክል ነበር።

እንደዋጥኩት በጆሮዎቼ የባቡር ፊሽካ ወጣ። እንባዬ ፈሰሰ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ስቅታ ያዘኝ። ግቢ ወጥቼ አፌን ከቧንቧው ደቀንኩ፤ የድሬ ቧንቧ ቀትር ላይ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው፣ እሳቱን አባባሰው። ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። ሁኔታዬን አይታ፣ አቦ፣ እርጎ ካስቀረህ ቃሪያውንም ትቀንሳለህ እንጂ፣ እርጎው እኮ ማብረጃው ነው አለችኝ። የያዘችውን ኩባያ እርጎ ዘረጋችልኝ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። በዓይኔ ብቻ ጠጥቼ መለስኩላት።

ወደ ቤት ስገባ እየተንሰቀሰቅሁ፣ ሸሚዜ በንፍጥና በእንባ ርሶ፣ አፌን እንደ ዓሣ እየከፈትኩና እየዘጋሁ ነበር። አማቴ አዩኝ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ነጠላቸው ከፊታቸው ወረደ፤ አንድም ጥርስ የሌለው ድዳቸው ፍንትው ብሎ ታየኝ። ከመጡ ጀምሮ አፋቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"በአማች ፊት አፌን ከፍቼ በድዴ ማላመጥ አፍሬ ነበር እኮ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አሁንማ አንተ ከእኔ ብሰህ ተገኘህ። ማንን ልፈር?"

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚሉኝ። ሙቀቱን ስንወቅስ የከረምነው በከንቱ ነበር። ማዕድ የማቀርብላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ይብሉ እንጂ እያልኩ አፍ አፋቸውን የማየው፣ ረሃባቸው እኔው ነበርኩ።

እንጀራውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ነጠላውን አላነሱትም። በድዳቸው እያላመጡ፣ ቢስባሱ ጨው አንሶታል እያሉ፣ ያን እሳት እንደ ገንፎ በሉት፤ ሳህኑንም በእንጀራ ጠርገው ጨረሱ። ማታ ባለቤቴ ስትገባ ባዶውን ሳህን አሳየኋት። ሳህኑን ይዛ ቆማ ቀረች።

አማቴ ዛሬም እኛ ጋ ናቸው፤ ቢስባሱንም አሁን የሚፈጩት እሳቸው ናቸው። እኔ፣ ድሬ ተወልጄ ጠጉሬ ድሬ የሸበተ ሰውዬ፣ ቃሪያ መብላት አልችልም። በልጅነቴም አልችልም ነበር። ቤታችን በየቀኑ ለእኔ ለብቻዬ ትንሽ ድስት አልጫ ይጣዳል።