ለርስት የተቆጠረ ዘር

በዚያ ዓርብ፣ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ የተገኘነው ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። እኔ፤ የሙሽራዪቱ አባት የሆነው ታናሽ ወንድሜ፤ ከአባታችን ወገን ብቻቸውን በሕይወት የቀሩት አክስታችን፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለ ገጠር በበቅሎ የመጡት የሙሽራው አያት፤ የእሳቸው ልጅ፣ ማለትም የሙሽራው አባት፤ እነርሱን አጅበው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፤ የወንድሜ ቤት የንስሐ አባት፤ ዘጠነኛው ባለቤቱ ነጋዴ። ነጋዴው ሙስሊም ናቸው፤ ግቢያቸው የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱም ወገኖች ከዘራቸው የማይቆጠር ሰው ቤት ካልሆነ አንቀመጥም ብለው ነበር።

የሚጋቡት ልጆች አልተጠሩም። የወንድሜ ልጅና የስማዳው ልጅ መካነ ኢየሱስ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ተዋውቀው፣ ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጦ ነበር። የንስሐ አባቱ ግን ሁለቱ ከሰባት ቤት በላይ መራራቃቸው ሳይረጋገጥ ሥርዓተ ተክሊል አልፈጽምም አሉ። ማጣራቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ የጋይንትንና የእስቴን ወገኖቻችንን ትውልድ ስለቅም መኖሬን ቤተሰቡ ያውቃል፤ ያወቀውም እንዲህ ያለ ጣጣ ሲመጣ እኔን ለመጥራት ያህል ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የገባ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምሬት አለ። ባላገር አያቱን የሚቆጥርልህ ለምን እንደምትጠይቀው ካወቀ በኋላ ነው። ርስት በዘር ቆጠራ መገኘቱ ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሽማግሌው ግን ዛሬም እስክርቢቶ ሲያይ የቆየ የመሬት ክርክር የሚቀሰቀስ ይመስለዋል። እስቴ ውስጥ አንድ ዘመዳችን የአባቱን አባት ስም እንኳ ፈጽሞ እንደማያውቅ ነገረኝ። ነገሩ የጋብቻ መሆኑን ሲሰማ ግን እስከ ምንጅላቱ ቆጥሮ፣ ከዚያም በላይ ማንም ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ሁለት አባቶች ደረበልኝ። ከየት እንዳመጣቸው ብጠይቀው፣ እንዲጋቡ አይደለም ወይ የምትለፋው ሲል መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። ለርስት ሲሆን ያሳጥሩታል፤ ለሠርግ ሲሆን ያስረዝሙታል። የሞቱት ሰዎች በሕያዋን ጉዳይ ልክ እንደ ጠፍር ይሳባሉ።

ዋናው ቋጠሮ ግን የሙሽራው አያት ነበሩ። እኒህ ሰው በጎልማሳነታቸው፣ መሬት በዘር በሚገኝበት ዘመን፣ ከስማዳ ወደ ጋይንት መጥተው የቤተሰባችንን አንዲት ዋልካ መሬት ይገባኛል ብለው ተከራከሩ። የእናታቸው አያት የእኛ ቅድመ አያት ወንድም እንደሆኑ መስቀል ጨብጠው በዳኛ ፊት ማሉ፤ ረቱም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኛ ቤት፣ ስማዳ ውስጥ ዘመድ የለንም፣ መሐላውም የሐሰት ነው ሲል ኖሯል። እንግዲህ መሐላው እውነት ከሆነ ልጆቹ በእኛ በኩል በስድስተኛው፣ በእነርሱ በኩል በሰባተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ አይጋቡም። ሐሰት ከሆነ ባዕዳን ናቸው፤ ይጋባሉ። ያንን መሬት ዘመን ከሁሉም ወስዶታል። ግማሹ የትምህርት ቤት ግቢ ሆኗል፤ ግማሹን ከሁለታችንም ያልተወለዱ ሰዎች ያርሱታል።

እኔ ተማምኜ የሄድሁት በአክስቴ ነበር። በዚያ ክርክር ጊዜ አባታቸው ተረትተው መሬቱን ሲያጡ በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። የእኒያን ሰው ስም ዕድሜያቸውን ሙሉ «ያ ባዕድ» ከማለት በቀር ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ያንኑ የለመዱትን አንድ ቃል በንስሐ አባቱ ፊት እንዲናገሩ ብቻ ነበር የምሻው።

የንስሐ አባቱ በጸሎት ከከፈቱ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቁት እሳቸውን ነው። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ዘመዳችን ናቸው እንጂ። መስቀል ጨብጠው የማሉ ሰው ይዋሻሉ እንዴ?» አሉ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። አክስቴ በዚህም አላበቁም። በቆጠራው ከሄድን እሳቸው በትውልድ ከሙሽራው አያት አንድ ደረጃ ከፍ ስለሚሉ የሽማግሌው አክስት ናቸው። ሁለቱ ግን እኩዮች ናቸው፤ እንዲያውም ሽማግሌው ሳይበልጡ አይቀሩም።

«በራስዎ ቆጠራ አክስትዎ ነኝ» አሏቸው። «አክስት ጉልበቷ ይሳማል። ይኸን ያህል ዘመን አልሳሙኝም፤ ደግሞ ዘመድ ነኝ ይላሉ።»

ሁለቱ የስማዳ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የሙሽራው አያት በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። የንስሐ አባቱ ቢጠይቋቸው፣ የማልሁትን ያን ጊዜ ምያለሁ ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ልጃቸው ተንበርክኮ በጆሯቸው ለመናቸው። ስለ ልጁ ሲል እንደሚለምን ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ የሚለምናቸው ግን በሐሰት ማልሁ እንዲሉ ነው። ነገሩ እየዞረ እዚያው ሲመለስ የሰለቻቸው ባለቤቱ ነጋዴ፣ በእኛ በኩል ቢሆን ሰባት ቤት አይቆጠርምና ይህ ጉዳይ ምሳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር ብለው ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳቡ። እውነታቸውን ነው።

በመጨረሻ የንስሐ አባቱ ተነሡ። «በተነገረኝ ቆጠራ አላጋባም» ብለው አሳርገው ወጡ። ወንድሜ እኔንም አክስቱንም ሳያይ ተከተላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በቅሎዎቹን ሊጭኑ ሄዱ። የሙሽራው አባት ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ለልጁ የሚነግረውን ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያስብ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኝ ነበር።

አክስቴ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «አክስትዎን ሳይስሙ ሊሄዱ ነው?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሥተው ግቢውን አቋርጠው መጡ። ከፊታቸው ሲደርሱ በትሩን ጣሉና ማጎንበስ ጀመሩ።

«ጉልበትዎን የምስመው ለይቅርታ ነው» አሉ፤ «ለዝምድና አይደለም።»

«አልሰማሁም።»

አክስቴ ጆሯቸው ደህና ነው።

«ከእናንተ ዘር አይደለሁም። በሐሰት ነው የማልሁት።»

የሽማግሌው ከንፈር ጉልበታቸውን ሳይነካ አክስቴ ትከሻቸውን ይዘው አቀኗቸው። «ይጋቡ እንግዲህ» አሉ። «እኔስ ይኸን ሁሉ ዓመት ስናገር የኖርሁት ይኸንኑ አይደል?» ሽማግሌው ይህንኑ ቃል ለንስሐ አባቱ ራሳቸው ሄደው እንደሚነግሯቸው ቃል ገቡ፤ በቅሎው እስኪቀርብላቸው ድረስም ተቀመጡ። አክስቴ ይህን አስበው ከቤታቸው የወጡ እንደሆነ፣ ወይስ እዚያው ተቀምጠው የመጣላቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ደክሞኛል አሉኝ።

ጠባይ ሆኖብኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። የእናታቸው አያት የእኛ ቅድመ አያት ወንድም ካልነበሩ የማን ልጅ እንደነበሩ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፤ የስማዳውን ሐረግ ለመሙላት ስንት መንገድ ሄጃለሁ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣ «እሱን ማን ያውቀዋል? ለሙግቱ ብዬ የእናንተን ሳጠና የራሴን ረሳሁት» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሳልለምናቸው፣ የእኔን አባቶች ከታች ወደ ላይ አንድም ሳይስቱ ቆጠሩልኝ። ሁለቱን እኔ አላውቃቸውም ነበር። እውነተኞች ይሁኑ ወይም ለዳኛው የተጨመሩ፣ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም።

ዘጠኝ ሆነን ገብተን በዚያ ግቢ የቀረነው አራት ነበርን፤ ነጋዴው፣ ሽማግሌው፣ አክስቴና እኔ። ከአራታችን የአንድ ዘር የሆንነው ሁለት ብቻ ነበርን።