የሸማኔው እግር

ጎረቤቴ አቶ ገብረ አማኑኤል በመንዝ፣ ቀየት የታወቁ ሸማኔ ናቸው። ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሲሠሩ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው የመርገጫውን ገመድ በጣታቸው ቆንጥጠው ይረግጣሉ። የስኳር በሽታ እግራቸውን አደንዝዞት ስለነበር፣ ገመዱ አውራ ጣታቸው ሥር ሲቦረቡራቸው አልተሰማቸውም። ደሙን ያዩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው።

መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሲሄዱ ሐኪሙ፣ ቁስሉ ካልዳነ እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገራቸው።

«ዶክተር፣ እግር የሌለው ሸማኔ አይተው ያውቃሉ?» አሉት።

ሐኪሙ ምሥራቅ ከምትባል የራቤል ተወላጅ የመድኃኒት ባለሙያ ጋር አገናኛቸው። ምሥራቅ ከባልደረቦቿ ጋር ሃይድሮጄል የሚሉትን የቁስል መሸፈኛ ከተልባ ትሠራለች፤ የረጋና ለስላሳ ነው፣ ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ይይዛል። በሕሙማን ላይ ለመሞከርም ፈቃድ ነበራት። አስረዳቻቸው፣ ተስማሙ።

ነገር ግን በመጡ ቁጥር ፋሻውን ስትፈታ፣ መሸፈኛው እንደ ቁርበት ደርቆ ሥጋው ላይ ተጣብቆ ታገኘዋለች። የደጋው ንፋስ ነው ብላ አሠራሩን ደጋግማ ለወጠች። አልሆነም። በመጨረሻ ሳትነግራቸው ቤታቸው መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርሁ። አቶ ገብረ አማኑኤል ፋሻውን ፈተው እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተዋል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያደረቅሁት ነዋ! እኛ ቁስል የምናድነው አድርቀን ነው።»

«ይኼ ሥጋ የሚሞላው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ደግሞስ እሳቱ አልፈጀዎትም?»

«ኧረ አልሞቀኝም።»

«ተረከዝዎን ይዩት!»

ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል።

ወይዘሮ አልጣሽ አላስቻላቸውም። «አንተ ሰው፣ ሐኪም ሳይቆርጠው ልትጠብሰው ነው?»

አቶ ገብረ አማኑኤል ተረከዛቸውን እያዩ «ከምድጃው አርቁኝ» አሉ። በማግስቱ የሽመና ጉድጓዱን በሳንቃ አስከደኑ። የሐምሌን ብርድ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቻሉት፤ እንጨት ለመጨመር እንኳ ወደ እሳቱ አልቀረቡም።

ምሥራቅም እሳቸውን ብቻ ጥፋተኛ አላደረገችም። «የመንዝ ሰው ከእሳት ርቆ አይኖርም፤ መሸፈኛዬ ይህን ማወቅ ነበረበት» ብላ ከላዩ እርጥበቱን የሚያቆይ ስስ ሽፋን ጨመረችበት።

አሁን ሲፈታ ሳይጣበቅ ይነሣል። ቁስሉ ከዳርና ከዳር ቀይ ሥጋ እየሞላ መጣ፤ ለመስቀልም ገጠመ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ስለ መቁረጥ የሚነገር ነገር እንደሌለ አስታወቀ። ወይዘሮ አልጣሽ እልል ሲሉ ምሥራቅ ፈገግ ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች። አንድ ሰው ስለዳነ መድኃኒት ተገኘ አይባልም አለችን፤ ሌሎች ሕሙማን ውጭ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።