ኦቦ አይሮፕላን

ታክሲ ተራው አጠገብ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ የማስቲሹን ክዳን ሲከፍት ካየሁ ሁልጊዜ መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬ ግን ጫማዬ አፉን ከፍቶ ስለነበር መሸሽ አልቻልኩም። ቁጭ አልኩ። ሽታው መጣ፤ አፍንጫ ቆንጥጦ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ጣፋጭ መስሎ የሚቀር ሽታ።

«ምነው ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ ጫማ ሰፊው ልጅ።

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀኝ አልወድም። የሚጠይቅ ሰው ለማን ብሎ እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ይሄ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ ልንገርህ።

የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። እኛ ሰበታ ሳትደርስ ፉሪ ዳገቱ ላይ ነበርን። የአባቴ እርሻ ግማሹ ቀድሞ ሄዶ የብሎኬት ቤት በቅሎበታል። የቀረውም ይሄዳል እየተባለ ይወራል። ወጣቱ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፣ ጎማ ያቃጥላል፤ ወታደር ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ያገኘውን አፍሶ ይሄዳል። ሰማዩ ራሱ የተቃጠለ ጎማ ይሸት ነበር። በዚያ ጊዜ ሜትር የያዘ ሰው ጠላት ነው። ቀያሾች መጥተው ለክተው፣ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ከሄዱ ምን እንደሚከተል የማያውቅ አልነበረም።

እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲለካ የሚውል ተከራይ ነበር።

እናቴ በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ያከራየቻቸው ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበባ ቤታቸው ፈርሶባቸው ነው የመጡት ተባለ። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ የተዋጊ ጀት መካኒክ ነበሩ። እናቴ ሃምሳ አለቃ ትላቸዋለች፤ ሰፈሩ ኦቦ አይሮፕላን ብሎ አወጣላቸው። እኔ ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ፤ ዞር ሲሉ አንተ ነበሩ።

የሚሠሩት አይሮፕላን ነው። ሳቅ ከፈለግህ ሳቅ። እውነተኛዋን ሠላሳ እጅ አሳንሰው፣ ክንድ የምታህል ተዋጊ ጀት። አካሏ ከዋንዛ እንጨት ተጠርቦ ላዩ የዘይት ቆርቆሮ ለብሷል። የአብራሪው መስታወት በሻማ ነበልባል ለስልሶ የተሳበ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ጎማዎቿ ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጡ፣ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጡ። ቀለሟ የጥፍር ቀለም ነበር። ባለሱቋ መንገድ ላይ ጠርታኝ፣

«አንተ፣ ሽማግሌያችሁ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ገዙኝ እኮ። ማንን ሊያሽሞነሙኑ ነው?» አለችኝ። ሳቀች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድሮን ነው የሚሠሩት ይላሉ፤ እውነት ነው?»

እኔንም የሚያስጠረጥረኝ አላጣሁም። ጠዋት ጠዋት እናቴን «አካም ቡልቴ?» ሲሏት እንደኛው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ኦሮምኛ እንዲህ አጥርቶ ማን አስተማረው? ደብረ ዘይት ብዙ ኖሬያለሁ አሉ። አላመንኳቸውም። ጠረጴዛቸውም መስኮት ሥር ነበር። ከዚያ መስኮት ደግሞ የጓሯችን ጭድ ቤት ፊት ለፊት ይታያል።

ጭድ ቤቱ ውስጥ ወንድሜ ነበር።

ታላቄ ነው። ከሁለታችን አንዱ ይማር፣ አንዱ በሬ ይጥመድ ተብሎ እሱ ተማረ፣ እኔ ጠመድኩ። ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ደብተሯን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ስትለኝ አፍሬ ነው። ወንድሜ ግን ኮሌጅ የበጠሰ፣ ሰልፍ ሲወጣ ከፊት የሚሆን፣ ሲናገር የሚሰማ ሰው ነበር። እየተፈለገ ነው ሲባል ጭዱ ውስጥ ገባ። እናቴና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ከተገኘ ምን እንደሚሆን አይተናል። ከኛ ከፍ ብሎ ያለው ቤት ልጅ ተወስዶ እናቱ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትዞር ጫማዋ አልቆ ነበር።

እራት ይዤለት ስገባ ከጭዱ ውስጥ፣ «ያ ሰውዬ የማን ጆሮ ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሥራ ፈት ነህ፤ ሄደህ አግዘው። እሱ ምን እንደሚያይ አንተ እይ።»

እንዲህ ነው ወደ ክፍላቸው የገባሁት። አይሮፕላን ወድጄ እንዳይመስልህ። መንገድ ተዘግቶ የቀን ሥራ ቆሟል፤ ባግዝዎ ለእርስዎም ይቀላል፣ እኔም ከምቀመጥ ምናምን ብዬ ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የማስቲሽ ጣሳውን አቀበሉኝ።

እንዴት ያለ ክፉ አሠሪ መሰለህ! ቀለም ሲቀቡ አጠገባቸው ከተነፈስኩ ይጮሃሉ።

«አትተንፍስባት!»

«ታዲያ የት ልተንፍስ?»

«ውጣና ተንፍሰህ ተመለስ።»

ሌላ ሰው ቢሠራት የአብራሪውን ወንበር ያሳምር ነበር። እሳቸው የሚጨነቁት ለሆዷ ነው። ገልብጠዋት ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያይዙትን የሪቬቶቹን ራስ አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርገው ያወጣሉ። ጥላሸት በላምባ በጥብጠው ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ያቀልማሉ። አዲስ ነገር ሠርቶ ማቆሸሽ ምን የሚሉት እብደት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ «እኔ እድሜዬን ሥሯ ተኝቼ ነው የፈጀሁት። የማውቀው ሆዷን ነው» አሉኝ።

ግራ ክንፏ ሥር ደግሞ ጥፍር የምታህል እራፊ ቆርቆሮ ነበረች። ይለጥፏታል፤ በማግስቱ ይነቅሏታል። ትንሽ ወደ ውስጥ አስጠግተው ይለጥፏታል፤ ይነቅሏታል። ማስቲሹ ያለቀው ለሷ ነው። እኔ በበኩሌ ምክንያት እየፈለጉ ነው አልኩ። ሥራው ካላለቀ ከመስኮቱ አይነሱም፤ ከመስኮቱ ካልተነሱ ጭድ ቤቱን ያያሉ። እናቴ ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ እጃቸው ቀጥ ሲል አይቻለሁ። ያኔ ጠየቅኳቸው።

«ይቺ እራፊ ግን ምንድን ናት?»

አይሮፕላኗን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ጥይት በስቷት መጣች። እኔ ለጠፍኩላት። ጠዋት ትፈለጋለች ተብሎ በጥድፊያ ነው የለጠፍኩት» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። «እኛ መሬት ላይ ያለነው ሰዎች ሁለት ቃል ነበር ያለን። ሲነሳ ሄደ እንላለን። ከዚያ ሰማይ ሰማይ ማየት ነው። ሲያርፍ ተመለሰ እንላለን፤ ሻይ እንጠጣለን።»

«ይቺስ?»

«ሄደች።»

መትተዋት ይሁን፣ የሳቸው ልጣፊ ለቆ ይሁን የነገራቸው የለም። ልጁ፣ አብራሪው ማለታቸው ነው፣ ቁርስ ሳይበላ ነበር የተነሳው። ከዚያ ወዲህ እድሜያቸውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ሲጠራጠሩ ኖረዋል። እራፊዋን ወዲያና ወዲህ የሚያደርጓት የት ጋ እንደነበረች እጃቸው እንዲያስታውስ ነው።

ለወንድሜ ሄጄ ስነግረው «ጥሩ ተረት ነው። ሰላይ ተረት ሳይዝ አይመጣም» አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ።

ወታደሮቹ የመጡት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። የመኪና ድምፅ አልሰማንም፤ ከታች ትተውት በእግር ነበር የወጡት። በሩ ተበረገደ። አለቃቸው ገና ጎረምሳ ነው፤ እናቴን የወንድሜን ስም ጠርቶ «የት አለ?» አላት። «ከወጣ ቆየ» አለች። ሁለቱን ወደ ጓሮ ላካቸው፤ እሱ ራሱ ለበሩ ወደሚቀርበው ወደ ሽማግሌው ክፍል ገባ። እኔ የማስቲሽ ጣሳ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይሄ ምንድነው? ድሮን ነው?»

«ድሮን ትላታለህ?» አሉ ሽማግሌው። ተቆጡ፤ በውነት ነው የተቆጡት። «ይቺን የመሰለች ተዋጊ! እጅህን ጠርገህ ያዛት እስቲ። ጎንበስ በል፣ ሆዷን እየው። ልጆችህ የታሉ? ጥራቸው! ወታደር ሆናችሁ ይቺን ሳታዩ ልትሞቱ ነው?»

አለቃው ሳቀ። ከዚያ ወደ ጓሮ ጮኸ፣ «ኑ እስቲ፣ አንድ ነገር እዩ!»

ሁለቱ ከጭድ ቤቱ ደጅ ተመለሱ። አንዱ እጁን መዝጊያው ላይ አሳርፎ ነበር፤ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ሽማግሌው ክፍሉን ሞሉት። አንዱን ክንፍ አስያዙት፣ ሌላውን ሻማ አስለኮሱት። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ በአፋቸው አሰሙ። ብዙ የማያወሩ ሰውዬ ነበሩ እኮ! መሐል ላይ ከጓሮ የአጥራችን ቆርቆሮ ሲንቋቋ ሰማሁ። በዚያችው ቅጽበት ሞተሩን ወደ ላይ አስጮኹት፤ ጉንጫቸው አብጦ፣ አይናቸው ፈጦ። ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ከአጥር አልፎ ሰፈር ውስጥ ገባ።

አንዱ የፊት ጎማዋን በጣቱ አሽከረክራለሁ ብሎ እግሯን ቀጭ አደረጋት። ጎማዋ ተንከባላ ጠፋች። ትንፋሽ የሚከለክሉት ሰውዬ፣ «አይዞህ፣ እውነተኛዋም ትሰበር ነበር» አሉት።

ከዚያ ጓሮውን ፈተሹ፤ ጭዱን በሳንጃ ወጉት። ባዶ ነበር። ሄዱ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። አይሮፕላኗ አፍንጫዋን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች። ሽማግሌው ቁጭ አሉ።

«ልጁ ሄደ?» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?» አልኩ።

አፍንጫዋን ከጠረጴዛው ቀና አደረጉላት።

«ጎበዝ» አሉ። «እንደሱ በል። ለእኔም ቢሆን እንደሱ በል።»

አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ያ ሽማግሌ ከወታደር ጋር ሲሳሳቅ ዋለ፤ በየቤቱ ልጅ እየታፈሰ የሱ ቤት ሰርግ ነበር፤ እንዲያውም እሱ ነው የጠራቸው። የሰፈር ሽማግሌዎች እናቴ ዘንድ መጥተው «ይሄን ሰው ከግቢሽ አውጪ፤ አለዚያ ቤትሽ ቢቃጠል እኛ የለንበትም» አሏት። ምን ትበል? ልጄን ያተረፈልኝ እሱ ነው ብትል፣ ልጅዋ እዚያ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ማታ የሚነገረው ጠዋት የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ከሽማግሌዎቹ መሐል ራሱ የማን ጆሮ እንዳለ ማን ያውቃል? ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ይቅርታ እየጠየቅኩ አይደለም፤ ወንድም ነበረኝ። አሁንም ቢሆን ዝም እላለሁ። የሚያበግነኝ ያ ነው።

እሳቸው እናቴን ከመጨነቅ አዳኗት። በማግስቱ ራሳቸው መጥተው «እመቤት፣ ሱሉልታ በኩል ቤት አግኝቻለሁ» አሏት። ቤት የሚገኝበት ጊዜ አልነበረም። ፍራሻቸውን አይሱዙ ላይ ጫንኩ። ሰፈሩ በየአጥሩ ቆሞ ያያል። ባለሱቋ እንኳ ከመስኮቷ ወጥታ ነበር። አይሮፕላኗን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«ያቺን ጎማ ካገኘሃት አስቀምጥልኝ» አሉ።

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ።

ጎማዋን አገኘኋት፤ ክፍሉን ስጠርግ፣ አልጋው የነበረበት ጥግ። ነገሩ ሁሉ ሲበርድ፣ ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ሲባል፣ ይዣት ሱሉልታ ሄድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ያከራየቻቸውን ሴት አገኘሁ። ከወጡ ቆይተዋል፣ ወዴት እንደሆነ አላውቅም አለች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «አንተ ግን ማን ነህ? ለምን ትፈልጋቸዋለህ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ወንድሜ ያን ቀን ከአጥሩ ዘሎ፣ በእግሩ ሄዶ ሄዶ፣ ተጂ ከተማ ያለችው አክስታችን ዘንድ ደረሰ። ከርሞ ተመለሰ። አሁን እህል ይነግዳል፣ ወፍሯል። ይሄን ሳነሳበት «ሽማግሌው ወሬ አማረው፤ የሚሰማው አግኝቶ ነው። አታጋንነው» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። እኔም አንዳንዴ እንደዚያ እጠረጥራለሁ። ከዚያ የዚያ ሞተር ጩኸት ከአጥሩ ድምፅ ጋር እኩል መነሳቱ ትዝ ይለኛል። «ልጁ ሄደ?» ያሉኝም።

ጫማ ሰፊው ጨርሶ ጫማዬን ወረወረልኝ። ኪሴ ውስጥ ያቺን ጎማ በጣቴ ዳሰስኳት፤ ጠርዟ ላይ የደረቀ ማስቲሽ አለ።

«አሁን ደህና ነህ?» አለኝ ልጁ።

ደህና ነኝ አልኩት። ለሌላኛው፣ ለሽማግሌው ጥያቄ ግን መልሱ እዚሁ አፌ ላይ አለ፤ የምሰጣቸው ሰው ጠፍተውብኝ ነው። አዎ ሃምሳ አለቃ። ሄደ። ተመለሰ።