ለአባ ኮዳ የተጣለው

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከኮልፌ 18 ማዞሪያ የተነሳሁት አጥንት የሌለው ዓሣ ፍለጋ ነው። የልጅ ልጄ ናታን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በባለቀለሙ ጥብጣብ ስትለካው ቢጫው ላይ አረፈ። «እያደገ አይደለም፤ ገንፎው ላይ እንቁላል ወይም ዓሣ ጨምሩለት» አለችን። እንቁላሉን ይተፋዋል። ዓሣውን ደግሞ እናቱ፣ ልጄ ሰናይት፣ «አጥንቱ ጉሮሮው ላይ ቢሰካስ?» ብላ እምቢ አለች። እኔም አላርፍ ብዬ ፎከርኩ፤ «ዝዋይ ሄጄ፣ ዓይኔ እያየ አጥንቱን አስወጥቼ፣ ንጹህ ፊሌቶ አመጣልሻለሁ!»

ጦር ኃይሎች ታክሲ ቀይሬ፣ ሌላም ደግሜ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። ሞጆን አልፈን መቂ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ቲማቲም ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የመንገዴን ምክንያት ሲሰማ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ይጠንቀቁ አባባ» ብሎ ቀለደብኝ።

አምስት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ዓሣ የምታጸዳ ጫልቱ የምትባል ሴት አገኘሁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳውን ገፍፋ፣ ሥጋውን ለየችና አጥንቱን ወደ ኋላዋ ወረወረችው። ደረቴ የሚደርሱ ራሰ በራ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ተሻሙበት።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለልጅ ልጄ። አላድግ ብሎ አስጨነቀን።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ታዲያ የሚያሳድገውን ለምን ለወፍ ያስጥላሉ? አባ ኮዳ እንዲህ የረዘመው በፊሌቶ ነው እንዴ?»

አፈርኩ። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። ቤቷ ወስዳ አሳየችኝ። ሥጋ የቀረበት አጥንትና ትንንሽ ዓሣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ገንፎ ላይ ጣል ይደረጋል። ልጆቿ ያደጉት በዚህ መሆኑን እየነገረችኝ ሳለ ትልቋ ልጇ፣ በሩ ለቁመቷ አጥሮባት፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ጥርጣሬዬ እዚያው አለቀ።

ቆልታ፣ ገና ሳትወቅጠው ያስቀመጠችውን በከረጢት ሞላችልኝ። ዋጋ ብጠይቃት «አጥንት አይሸጥም» አለች፤ ከፊሌቶው ግን አምስት ሳንቲም አልቀነሰችልኝም። እሱን እዚያው አስጠብሼ በላሁት።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኮልፌ

ላስፈጨው ጎራ ብል የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከረጢቱን አሸተተና «ጋሼ፣ የሰው ጤፍ ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው!» ብሎ ከበር መለሰኝ። ሰናይት ደግሞ ከፍታ ስታየው ጮኸች።

«አባዬ! አጥንት ፈራሁ ስልህ አጥንት ብቻ ይዘህ መጣህ?»

ሙቀጫውን አወረድኩ። ክንዴ እስኪዝል ወቀጥኩ። እሷ በወንፊት ነፋችው፣ በንጹህ ሻሽ ደገመችው፣ በጣቶቿ መሃል ደጋግማ ብታሸው የሚወጋ ነገር አጣች። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ማንኪያ ገንፎ ወደ እኔ አፍ ዘረጋች። «አንተ ቅደም።»

ዋጥኩ። ፊቴን አጥንታ ስትጨርስ ለናታን አጎረሰችው። እሱም አላመጠ፣ ዋጠ፣ አፉን እንደገና ከፈተ። እኔ ሽማግሌው ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የፈራነው አጥንት ራሱ መድኃኒታችን መሆኑን ነው፤ ብልሃቱ ብቻ ነበር የጎደለን። ከሳምንታት በኋላ ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ አረፈ። የጤና ሠራተኛዋ ደስ ብሏት መዝገቧን ገለጠች።

«ስሙ ማን ነበር?»

ሰናይት ቀደመችኝ። «አባ ኮዳ!»