አዞ የለበሰው ቢላዋ

ደርግ ወድቆ ከጦር ሠራዊት ተበትኜ ሶዶ የገባሁ ሰሞን፣ ገበያው አጠገብ ቢላዋ ወደሚሠሩት ጋሽ ሳና ዘንድ ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። ምን ትችላለህ አሉኝ። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም አልኳቸው። «እዚህ የሚፈታ የለም። የገጠምነው እንዳይፈታ ነው የምንለፋው» አሉኝና የተነከረ የፍየል ቆዳ ወረወሩልኝ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ያንን ቆዳ ከውስጥ በኩል እየፋቅሁ ማሳሳት ነበር። እስከ ማታ ወንፊት አደረግሁት።

እጀታ ማልበስ እንዲህ ነው። ቆዳው ውሃ ውስጥ ይርሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ኮላ በተቀባ የወይራ እጀታ ላይ እርጥቡን ይጠቀለላል። ስፌቱ ጣት በሚያርፍበት በሆዱ በኩል፣ በወስፌና ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል። በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው ትርፉ የተሰነጠቀ ቆዳና የደንበኛ ስድብ ነው።

ጋሽ ሳና ዓይናቸው ሲደክም ወንበሩን ለእኔ ለቀቁልኝ። ያን ጊዜ ነው አቶ ታደለ የመጣው። በቅርቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ግምገማ የሚሉት ነገር ከቢሮ አልፎ እቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱን አበበችን በወጥ ጨው ሳይቀር ይገመግማት ጀመር። አንድ ቀን ግለ ሂስ እንድታደርግ ሲጠይቃት ልብሷን ሸክፋ በዴሳ ከተማ ያለው አባቷ ቤት ገባች።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ አማቱ ዘንድ ሄዶ ሊታረቅ፣ እሷንም ይዞ ሊመለስ አስቧል። እጅ መንሻው የሥጋ መቁረጫ ቢላዋ ነው። ለእጀታው የሚሆነውን ቆዳ ራሱ ይዞ መጣ። ከአባያ ሐይቅ ዳር ወዳጁ የላከለት የአዞ ቆዳ ነበር።

የሆዱ ስለሚለሰልስ እሱን ላልብስልህ አልኩት። እምቢ አለ፤ ጀርባው ይሁንልኝ። «አዞ መሆኑ ካልታየ ምን ዋጋ አለው?» ጉብጉቡን በሞረድ ስታገለው ዋልኩ፣ ወስፌም ሰበርኩበት። ሲያልቅ ለእጅ የሚቆረቁር፣ ለዓይን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ታደለ ግን ሳመው። ሰው የአዞ ነው ብሎ ስለማያምነኝ ሠሪው ይመስክርልኝ ብሎ እኔንም በዴሳ ወሰደኝ።

ታደለም እኔም ፕሮቴስታንቶች ነን፤ የአዞው ጣጣ ሳይታየን የቀረው ለዚህ ይመስለኛል። አማቱ አቶ ባልቻ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾም ያልሻሩ ኦርቶዶክስ ናቸው።

ስንደርስ በሬው ታርዶ፣ ሥጋው የሚጠቀስበት ዳጣ ቀርቧል። ሽማግሌው ቢላዋውን ተቀብለው መረቁ፣ ከሥጋው ቆረጡ፣ ወደ አፋቸው ሳያደርሱት መዳፋቸውን አዩ። የምን ቆዳ እንደሆነ ጠየቁ።

«አዞ ነው አባባ፣ ትክክለኛ አዞ» አለ ታደለ። «ሠሪው ይኸው፣ ይመስክር።»

አቶ ባልቻ ቁራጩን ሳህኑ ላይ መለሱት። «ርኩስ አውሬ ነው፤ ሰው ይበላል። እሱን ጨብጬ ለልጆቼ ላጉርስ?»

አበበች የጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች። ታደለ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረ። «እንደው… ፍየል ነው ያልከኝ መሰለኝ፣ አይደል?» ለአዞነቱ ምስክር ብሎ ያመጣኝ ሰው አሁን ለፍየልነቱ እንድመሰክር በዓይኑ ይለምነኛል። ተናደድኩ፤ አሳዘነኝም።

ቢላዋውን ተቀብዬ ክሩን በጠስኩና ቆዳውን ገፈፍኩት። ኮላው አጥብቆ ስለያዘ ታገለኝ፤ ጥሩ ሠርቼው ነበር። ወይራው ባዶውን ሲወጣ እሱንም ስለቱንም አጥቤ ለሽማግሌው መለስኩ። ጨበጡት፣ አገላበጡት፣ ከሌላ ብልት ቆረጡ። ሳህኑ ላይ የመለሷትን የመጀመሪያዋን ቁራጭ እኔና ታደለ ተካፍለን በላናት። ጣዕሟ የበሬ ነበር።

አበበች ከበሩ የተንቀሳቀሰችው ያን ጊዜ ነው። የተገፈፈውን ቆዳ አንስታ ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ያንተስ እንዲህ ይወልቃል?»

ታደለ እንደ ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ተወው። «እኔ እንጃ» አለ። «አንቺ ሞክሪው።»

ማምሻውን ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ሶዶ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ እሷ ስታወራ እሱ ያዳምጥ ነበር።

በዚህ ሙያ ላላችሁ፦ እጀታ ከማልበሳችሁ በፊት፣ ስላዘዘው ሰው ሳይሆን ስለሚቆርጥበት ሰው ጠይቁ።